ባርኔጣ የጋረደው ስም

ጋሽ ኪሮስ ማረፋቸውን በስልክ የነገረኝ የሰሃላው መምህር ሞላ ነው። «ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ። «ባርኔጣቸው ግን አሁንም ኮምፒውተሩ ፊት ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። እትዬ ለተብርሃን እሱ ያስቀመጠውን እኔ አላነሳም ብለዋል» ሲል ጨመረ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ከዚያኛው ጫፍ ሳቀ። ስንስቅ ቆይተን ነው ወደ ኀዘናችን የተመለስነው። ጋሽ ኪሮስን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቀየመንም።

የባርኔጣው ነገር እንዲገባ ግን ከመጀመሪያው መጀመር አለብኝ።

በእኛ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቄ ብዙም ሳልቆይ ሰቆጣ ተመደብሁ። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ ዓለም አዘዞ ላይ የሚያልቅ የሚመስለኝ ልጅ ነበርሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራውም፤ የትምህርት ቤቶችን ጉዳይ የሚመለከት ቢሮ ነበር ማለት ይበቃል። ኃላፊው አቶ ደምሴ የምደባ ደብዳቤዬን አነበቡና፣ «ኮምፒውተሮቹ ማባዣ ክፍል ናቸው፤ ከጋሽ ኪሮስ ጋር ተነጋገሪ» ብለው አሰናበቱኝ። ማባዣ ክፍል ማለት በዚያ ዘመን ፈተና በስቴንስል ተቀርጾ፣ በእጅ በሚዞር ማሽን የሚታተምበት ክፍል ነው። በሩን ስከፍት መጀመሪያ የቀለም ሽታ ተቀበለኝ፤ ቀጥሎ ባርኔጣ፤ ከባርኔጣው ሥር ደግሞ ጋሽ ኪሮስ።

አጭር ሰው ነበሩ። ባርኔጣቸው ቡናማ፣ ጠርዙ በማባዣ ቀለም የጠቆረ ነው። ከራሳቸው የሚወርደው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙና ሽማግሌ ሲያናግሩ ብቻ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የዋግን ልጆች የፈተነ ወረቀት ሁሉ በእጃቸው አልፏል። ወረቀት የሚቆጥሩት በኽምጣና፣ የሚጣሉት በአማርኛ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «በእናቴ ቋንቋ ከቆጠርሁ አልሳሳትም። በእናቴ ቋንቋ ከተጣላሁ ግን እርቁ ይከብደኛል» አሉኝ።

አንድ የማይሻር ደንብ ነበራቸው። ከማንኛውም ፈተና ግርጌ ያዘጋጀው መምህር ስም መታተም አለበት። አንድ ጊዜ አንድ ሹም የሌላ ሰው ጥያቄዎች ላይ የራሱን ስም ጽፎ ላከላቸው። ጋሽ ኪሮስ የመምህሩን እጅ ጽሑፍ ስለሚያውቁ ስቴንስሉን አውጥተው የሹሙን ስም በማረሚያ ቀለም ደፈኑና የባለቤቱን ቀረጹበት። ሹሙ ሲቆጣ፣ «ጌታዬ፣ እኔ አባዢ ነኝ። የአባዢ ስም የትም አይጻፍም። የጻፊው ስም ደግሞ የትም አይጠፋም» አሉት። ይህን ታሪክ ለእኔ የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፤ ከተማው ሁሉ ያወራው ነበር።

ኮምፒውተሮቹ ማባዣ ክፍሉ ጥግ ላይ በሸራ ተሸፍነው ተደርድረዋል። ከሆነ ቦታ በስጦታ የመጡ፣ ሌላ ቦታ ተሠርቶባቸው የደከሙ ማሽኖች ናቸው። ከውስጣቸው ያለው ፕሮግራም በቫይረስ ተበልቷል። አንዱን ስከፍተው ሦስቴ ጮኾ ጠፋ። ጋሽ ኪሮስ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ «ይኼማ ጣር ነው» አሉ።

እኔ ግን ከዩኒቨርሲቲ አንድ ሲዲ ይዤ መጥቻለሁ። ሊኑክስ ከሚባለው ወገን የሆነ፣ ኮምፒውተርን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ሥራ የሚያስጀምር ዋና ፕሮግራም ነው፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሉት። የሚሸጥ አይደለም፤ ለማንም በነፃ ይሰጣል። ይህን ስነግራቸው ጋሽ ኪሮስ የማባዣውን እጀታ ለቀቁት።

«ማባዛት ይፈቀዳል?»

«ይፈቀዳል፤ የፈለጉትን ያህል።»

«በሕግ?»

«በሕግ።»

«የት አለ ሕጉ? አንብቢልኝ።»

እኔ ያን ጽሑፍ ከዚያ በፊት አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም። የሚያነብ ሰውም አላውቅም። ጋሽ ኪሮስ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና ቃል በቃል አስተረጎሙኝ። ሁለት ቀን ፈጀብን። ነገሩ ሲጨመቅ እንዲህ ይላል፦ ቅዱት፣ ለውጡት፣ ለወደዳችሁት ስጡት። ነገር ግን ከለወጣችሁት በእኛ ስምና በእኛ ምልክት አትጥሩት፤ የራሳችሁን ስም አውጡለት። እናንተ ያበላሻችሁት በእኛ እንዳይመካኝ። እኛ ደግሞ መለወጣችን የማይቀር ነበር። ለደካሞቹ ማሽኖች እንዲቀል ብዙውን መቀነስ፣ የአማርኛ ፊደልም መጨመር ነበረብን።

«እሺ፣ ስሙን መለወጥ ብዙ ሥራ ነው፤ እንለፈው» አልሁ። «ሰቆጣ መጥቶ ማን ያያል?»

ጋሽ ኪሮስ ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ አለሁ አይደል እንዴ? እኔ አያለሁ» አሉ።

ለእሳቸው ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ያደጉት እዚያው ዋግ ውስጥ፣ ዝቋላ ነው። በዚያ አገር ላም ያለው ለሌለው በርቢ ይሰጣል። ተቀባዩ ላሟን ያበላል፣ ያጠጣል፣ ይጠብቃል፤ ወተቷን ይጠጣል፤ ጥጃዋን ከባለቤቷ ጋር ይካፈላል። «የጥጃውን ስም የሚያወጣው ያሳደገው ነው» አሉኝ። «ባለላሙ ነገ ቢመጣ እንኳ ስሙን አይለውጥም። ግን መንገድ ላይ ሰው ይኼ የማን ጥጃ ነው ብሎ ሲጠይቅሽ፣ እናቱን ሳትጠሪ አትመልሺም። የእገሌ ላም፣ የእገሊት ልጅ ትያለሽ። እናቱን የደበቀ እረኛ ሌባ ነው የሚባል። እነዚህ ፈረንጆች ርቢ ያውቃሉ ማለት ነው።» ባርኔጣቸውን አነሱና ለማሽኑ ሰላምታ ሰጡት። ባርኔጣ ለማሽን ሲወርድ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ስም ማደን ጀመርን። የዚያ ፕሮግራም ስም የሌለበት ቦታ የለም። ሲከፈት ይታያል፣ ሲዘጋ ይታያል፣ ዝርዝሩ ላይ አለ፣ መርጃ ገጹ ላይ አለ፣ ከኋላ ያለው ሥዕል ላይ አለ። ጋሽ ኪሮስ መነጽራቸውን አድርገው እንደ ቅማል ይለቅሙታል። አገኘሁ ባሉ ቁጥር እኔ አጠፋዋለሁ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና ማሽኑ በሙሉ ተፈትሾ ያ ስም ከተገኘበት ሁሉ እንዲጠፋ አዘዝሁ። በራሴ ኮርቼ፣ «አለቀ» አልኋቸው። ማሽኑን አጥፍተን ስንከፍተው አልነሳም። ጥቁር ሆኖ ቀረ።

ለካስ ስሙ ለሰው ዓይን ብቻ አልነበረም። ፋይሎቹ እርስ በርስ የሚፈላለጉበት አድራሻም ውስጥ ነበረበት። ስሙ ሲጠፋ መንገድ ጠፋቸው። ይህን ሳስረዳቸው እኔ በእፍረት ልቀልጥ ደርሻለሁ፤ ጋሽ ኪሮስ ግን ደስ አላቸው።

«አየሽ ጎንደሬዋ? ከፊቱ ላይ ያለውን ስም እናነሳለን። አጥንቱ ውስጥ ያለውን አንነካም። እናቱን ከአጥንቱ ካወጣሽበት ቆሞ አይሄድም።»

ሀ ብለን እንደገና ጀመርን። በዚህኛው ተነሣ። ጋሽ ኪሮስ ሲከፈት የሚታየው ገጽ ላይ ሦስት መስመር ብቻ እንዲጻፍ አደረጉ። ስሙ፤ እናቱ፤ ያሳደገው። እናቱ በሚለው የፈረንጆቹን ፕሮግራም ስም አስገባን። ያሳደገው በሚለው ሰቆጣ ብለን ጻፍን። የጋሽ ኪሮስን ስም ልጨምር ብል፣ «የአባዢ ስም አይጻፍም» ብለው እጄን ያዙት።

የመጀመሪያው መስመር ባዶ ቀረ። ስም እንዲወጣ ለምኜ ነበር፤ እሳቸው ግን ጥጃ ጠባዩ ሳይታይ ስም አይወጣለትም አሉ። ወሬው ግን ከክፍሉ አፈትልኮ ወጣና መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ስም አውጪ ሆነ። ፋይናንስ ክፍል «ብርሃን» ይባል አለ። ሹፌሩ «ጎማ አይተነፍሴ» አለ። አቶ ደምሴ «ዋግ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ቁጥር አንድ» የሚል በማኅተም የተደገፈ ሐሳብ በደብዳቤ ላኩ። ጋሽ ኪሮስ ለሁሉም «ይታሰባል» እያሉ ማሽኑን ያዩት ነበር። ማሽኑ ሲነሣ አራት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ከተነሣ በኋላ ግን መብራት እስካልጠፋ ድረስ አንድም ቀን አልቆመም። በአርባኛው ቀን፣ ልክ እንደ ወንድ ልጅ ክርስትና፣ «ታጋሽ» ብለው ጻፉበት።

አቶ ደምሴ አልወደዱትም። «ኮምፒውተር ፈጣን ነው የሚባለው፤ ታጋሽ ምን ማለት ነው?» አሉ።

«አቶ ደምሴ፣ አራት ደቂቃ የሚያስጠብቅን ነገር ፈጣን ቢሉት ይታዘብዎታል» አሉ ጋሽ ኪሮስ።

ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃው ከክልል እንግዶች ሊመጡ ነው በተባለ ጊዜ ነው። አቶ ደምሴ ሁለታችንንም ቢሯቸው ጠሩን። መዋቅሩ ሊለወጥ ነው አሉ። ማባዣ ክፍል የሚባል ነገር አይኖርም። በምትኩ የኮምፒውተር ክፍል ይከፈታል። «ጋሽ ኪሮስ፣ ለእርስዎ የዚያን ክፍል ኃላፊነት አስቤያለሁ» አሉ። ጋሽ ኪሮስ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው። ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከሰቆጣ ወጥተው የትም ሊሄዱ አይችሉም። ኃላፊነቱን ካላገኙ ደግሞ ወደ የትኛውም ወረዳ ሊመደቡ ነው። ይህን በክፍሉ ያለን ሦስታችንም እናውቃለን።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ አቶ ደምሴ። «ያችን ሁለተኛዋን መስመር አንሷት። ለእንግዶቹ እዚሁ ሰቆጣ የሠራነው ነው ብለን ነው የምናቀርበው። እናቱ ምናምን የሚለው ያሳንሰናል።»

አቶ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለሰቆጣ የነበራቸው ቁጭት እውነት ነው። ዘወትር ተቀባይ፣ ዘወትር ለማኝ ተደርገን የምንታይ ሕዝብ ነን፤ አንድ ቀን ሠሪ ተብለን ብንጠራ ምን ነበረበት ይሉ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ልክ መሰሉኝ።

ወጥተን ወደ ክፍላችን ስንሄድ ጋሽ ኪሮስ ምን እንደማስብ ጠየቁኝ። እውነቱን ልናገር። «አንድ መስመር ናት ጋሽ ኪሮስ። እናጥፋት። ማን ያያል?» አልሁ።

«ሁለተኛሽ ነው» አሉኝ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማባዣውን እስኪያብለጨልጭ ወለወሉት፤ የሚታተም ወረቀት ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የማፍርበት ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ያ የተወለወለ ማባዣ ነው።

እንግዶቹ በመጡ ቀን አዳራሹ ሞላ። ርእሳነ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ የወላጆች ተወካዮች ሁሉ ተጠርተዋል። ማሽኑ መድረኩ ላይ ነው። ጋሽ ኪሮስ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። መስመሯን ያጥፏት አያጥፏት እኔም አላውቅም፤ ሊነግሩኝ አልፈለጉም። ማሽኑን ከፈቱት። ታጋሽ እንደ ልማዱ አራት ደቂቃ ሊያስጠብቀን ጀመረ። አቶ ደምሴ በዝምታው ተጨንቀው ስለ ዋግ እድገት ንግግር ጀመሩ። ንግግራቸው «ከምንም ተነሥተን» የሚለው ላይ ሲደርስ ገጹ በራ። ሦስቱም መስመሮች አሉ።

ከእንግዶቹ አንዱ ወደፊት ጠጋ ብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። «እናቱ? እናቱ ምን ማለት ነው?»

አቶ ደምሴ መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ኪሮስ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከኋላ አንድ የዝቋላ ሽማግሌ፣ የወላጆች ተወካይ፣ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ኽምጣና በሚጎትተው አማርኛቸው፣ «ልጄ፣ ይኸ ነገር የርቢ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«የርቢ ነው አባቴ» አሉ ጋሽ ኪሮስ።

«ላሚቱ የሩቅ ሰው ናት?»

«የሩቅ ሰው ናት።»

«ጥጃውን ያሳደጋችሁት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን፤ ይህች ልጅና እኔ።»

ሽማግሌው ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «እንዲያ ከሆነ ደግ ነው። እናቱ ያልታወቀ ጥጃማ እገበያ ቢወጣ ማን ይገዛዋል? የተሰረቀ ነው ይሉናል» አሉና ተቀመጡ።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እንግዶቹም ነገሩ ሲገለጽላቸው ሳቁ፤ እንዲያውም ለየመሥሪያ ቤታቸው የሚወስዱት ቅጂ ጠየቁ። አቶ ደምሴ አጨበጨቡ። ሌላ ምን ያድርጉ።

ደብዳቤው የመጣው ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ነው። ቅጣት የሚል ቃል የለበትም። «ለሥራው አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ» ጋሽ ኪሮስ ሰሃላ በሚገኝ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆነው ተመድበዋል ይላል። እኔ አንብቤ አለቀስሁ። በእኔ ምክንያት የመጣ መሰለኝ። ሲዲውን ያመጣሁት እኔ ነኛ። ጋሽ ኪሮስ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«ሰሃላ ኮምፒውተር አለ?»

«ሁለት ይመስለኛል» አልሁ ዓይኔን እየጠረግሁ።

«ጄኔሬተርስ?»

«አንድ።»

«እንግዲያማ ምን ያስለቅስሻል? ርቢ ልሰጥ ነው የምሄድ።»

እትዬ ለተብርሃን ግን አልሳቁም። «በስተርጅና በቅሎ ላይ?» ብለው ሦስት ቀን አኮረፏቸው። በአራተኛው ቀን ስንቅ ቋጠሩላቸው። ጋሽ ኪሮስ የታጋሽን ሲዲዎች በባዶ የስቴንስል ካርቶን ጠቅጥቀው፣ በበቅሎ ጭነው ወረዱ። በየወሩ አንድ ጊዜ ሚስታቸውን ለማየት ሰቆጣ ይመጡ ነበር። ሲመጡም ሲሄዱም መንገዳቸው ላይ ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ ሲዲ ይደርሰዋል። ክረምት ሲሆን ደግሞ በሚኒባስ አምደወርቅ ድረስ ዞሩ።

ለሁሉም የሰጡት ቅጂ አንድ ዓይነት ነው። እናቱ በሚለው ላይ «ታጋሽ» ተጽፏል፤ ከጎኑም የፈረንጇ አያት ስም አለ። ስሙና ያሳደገው የሚሉት ባዶ ናቸው። ደንባቸውም ያው ነው። አንድ ነገር እንኳ ለውጣችሁ የራሳችሁ አድርጉት፤ ከዚያ ስም አውጡለት። ስም ላላወጣችሁለት መጥቼ አልጠግንም።

እንግዲህ የሆነውን ተመልከቱ። ሌላ አገር ቢሆን ሰው የተሰጠውን ይጠቀም ነበር። የእኛዎቹ ግን የሰው ጥጃ የራሳቸው እስኪሆን ሥራ አቆሙ። አምደወርቆች ከኋላ ያለውን ሥዕል በገበያቸው ፎቶግራፍ ለወጡና «አይበገሬ» አሉት፤ በሳምንቱ ቆሞባቸው ደብዳቤ ጻፉልኝ። ዝቋላዎች የለወጡት አንድ ነገር ብቻ ነው። ማሽኑ ሲዘጋ የሚሰማውን ድምፅ አንስተው የፍየል ጩኸት ቀድተው አስገቡበት። ስሙን «ገራም» አሉት። ሌላው ትምህርት ቤት ሁለት ክፍሎቹ ሳይስማሙ ቀርተው ለሁለት ማሽን ሁለት ስም አወጡ። በአንድ ዓመት ውስጥ ታጋሽ ልጅም የልጅ ልጅም አየ። እኔ ሰቆጣ ተቀምጬ፣ «የገራም ልጅ ፊደል እንቢ አለች» የሚል ደብዳቤ እየደረሰኝ መልስ ስጽፍ እውላለሁ። ሥራዬ እጥፍ ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያ ዓመት ስቄ አላውቅም።

አቶ ደምሴ እንኳ በመጨረሻ ተሸነፉ። አንድ ቀን ክፍሌ ገብተው በር ዘጉና፣ «ያ የዝቋላው፣ ሲዘጋ እንዴት ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁኝ። ከፍቼ ዘጋሁላቸው። ፍየሏ ስትጮኽ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሰሃላ የሄድሁት በሁለተኛው ዓመት ነው። መኪናው ከሚቆምበት ጀምሮ ብዙ የእግር መንገድ ነው። ጋሽ ኪሮስ ግማሽ መንገድ ድረስ በቅሎ ይዘው ተቀበሉኝ። ከስተዋል፣ ጠቁረዋል፣ ዓይናቸው ግን ያው ነው። የንብረት ክፍሉን ጥግ የኮምፒውተር ክፍል አድርገውታል። መምህር ሞላ የሚባል ወጣት አብሯቸው ይሠራል። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ማሽኑ ተከፈተ። በዚህ ጊዜ ጋሽ ኪሮስ ባርኔጣቸውን አወለቁና ማሽኑ ፊት ላይ አንጠለጠሉት። እኛም ባርኔጣ እያየን ቆምን። አራት ደቂቃ ካለፈ በኋላ አነሡት። የመጀመሪያው ገጽ አልፏል፤ ማሽኑ ለሥራ ዝግጁ ነው።

«ምን ነበር?» አልሁ።

«ምንም።»

ሞላ ሳቁን አፍኖ ወደ ውጭ ጠራኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ኪሮስ ሚስታቸውን ለማየት ሰቆጣ በወጡበት ሳምንት መምህራኑ ተሰበሰቡና ለሰሃላው ማሽን ስም አወጡ። «ኪሮስ» አሉት። ጋሽ ኪሮስ ተመልሰው ሲያዩት በሕይወታቸው እንደዚያ ተቆጥተው አያውቁም። «አባዢ ነኝ! የአባዢ ስም አይጻፍም!» እያሉ ሳምንት ሙሉ አላናገሯቸውም። በመጨረሻ ሞላ ጠየቃቸው።

«ጋሽ ኪሮስ፣ ስም የሚያወጣው ማን ነው?»

«ያሳደገው።»

«ባለላሙ መጥቶ ቢለውጠውስ?»

«አይቻለውም።»

«ይህን ያሳደገው ማን ነው?»

ደንቡ የራሳቸው ነው። በማግስቱ ባርኔጣው መጋረድ ጀመረ። አያጠፉትም፣ አያሳዩትም።

በሰሃላ ሁለቱን ዓመት ጨርሰው ጡረታ ወጡ። ትምህርት ቤቱ ከሁለቱ ማሽኖች ያረጀውን ስጦታ አድርጎ ሸኛቸው። ሰቆጣ ቤታቸው፣ አልጋቸው አጠገብ አኖሩት። የሰፈሩ ልጆች እዚያ ነው መጻፍ የተማሩ። እኔ ወደ ጎንደር ተዛውሬ ነበር፤ በበዓል እየደወልሁ ስለ ታጋሽ ዘሮች እጠይቃቸዋለሁ። በኽምጣና ይቆጥሩልኛል። እኔ ቁጥሩ ባይገባኝም እየበዛ መሄዱን ከድምፃቸው አውቃለሁ።

ለለቅሶ ስደርስ ቀን ነው። እትዬ ለተብርሃን በሰው ተከበው ተቀምጠዋል። አቶ ደምሴ ሸብተው ጥግ ላይ አሉ፤ መምህር ሞላም አለ። ባርኔጣው ማሽኑ ላይ ነው። አልቅሰን ከተጽናናን በኋላ እትዬ ለተብርሃን እጄን ይዘው ወደ ራሳቸው ሳቡኝ።

«አንቺ ጎንደሬዋ፣ የዚህ ነገር ዋና አንቺ ነሽ አሉ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ሰውየው በከፈተው ቁጥር በዚህ ባርኔጣ ይጋርደዋል። ምን ትደብቀኛለህ ስለው ይስቃል። የሌላ ሴት መልክ ይሆን ብዬ ስንት ቀን ተቃጠልሁ። እስቲ ክፈችና ንገሪኝ።»

ከፈትሁት። ባርኔጣውን ያነሡት እትዬ ለተብርሃን ራሳቸው ናቸው፤ ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ለቀስተኛው ሁሉ፣ አቶ ደምሴም ጭምር፣ አራቱን ደቂቃ እንደ ቅዳሴ ቆሞ ጠበቀ። ጽሑፉ ሲወጣ አነበብሁላቸው።

«ስሙ፦ ኪሮስ ይላል።»

«ምን አልሽ?»

«ኪሮስ። በእሳቸው ስም ነው የጠሩት። ያሳደገው፦ ሰሃላ።»

እትዬ ለተብርሃን ረጅም ጊዜ ገጹን አዩት። ከዚያ ትከሻቸው ተናወጠ፤ እያለቀሱ መስሎኝ ልደግፋቸው ስል እየሳቁ ነበር። «ለዚህ ነው? የገዛ ስሙን ነው ከእኔ ሲደብቅ የኖረው?» አሉ። ሳቁ ለለቀስተኛውም ተጋባ። ትንሽ ቆይተው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«እናቱስ? እናቱ ተጽፋለች?»

«ተጽፋለች። እናቱም አያቱም።»

«እንግዲያስ ምንም ነውር የለበት» አሉ። ማሽኑን ልዘጋ እጄን ስዘረጋ ያዙኝ። «ተይው፤ ይታይ። ያልደረሱ እንግዶች አሉ።»

ባርኔጣውን ከጉልበታቸው አንስተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።